እምቦጭን በኩሬና በሐይቅ ላይ መከላከልና መቆጣጠር፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አካባቢ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

እምቦጭ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚያድግ ወራሪ መጤ አረም ነው። በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰው ጉዳት በአገር አቀፍ ደረጃ የታወቀ ሲሆን፣ በኩሬዎች፣ በአነስተኛ ግድቦችና በመስኖ ቦዮች ላይም የመስፋፋት ባሕርይ አለው። ይህ መረጃ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖሩ ዜጎች አረሙን ለይተው እንዲያውቁ፣ ወደ ውኃ አካሎቻቸው እንዳይገባ እንዲከላከሉና ከታየም በጊዜ እንዲያስወግዱ ለማገዝ ተዘጋጅቷል።

እምቦጭ እንዴት ይለያል?

የአረሙ መነሻ በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው የአማዞን ተፋሰስ ነው። የሚከተሉት ምልክቶች አሉት፦

- ቅጠሉ ክብ፣ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው።
- የቅጠሉ አገዳ ያበጠና ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ በመሆኑ ተክሉን ያንሳፍፈዋል።
- ሥሩ ጠቆር ያለና እንደ ላባ የተበታተነ ሆኖ በውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል።
- አበባው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ሲሆን፣ በአንደኛው የአበባ ቅጠል ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል።

የአበባው ውበት ሊያዘናጋ አይገባም። በብዙ አገሮች አረሙ የተስፋፋው ለጌጥ ተብሎ ከቦታ ወደ ቦታ በመወሰዱ ነው።

እምቦጭ በሁለት መንገድ ይራባል። አንደኛው ከእናት ተክሉ ጎን በሚወጡ ቅርንጫፎች ሲሆን፣ ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ በእጥፍ ይጨምራል። በዚህ ስሌት በአንድ ኩሬ ላይ የታዩ 10 ተክሎች በ12 ሳምንት ውስጥ 640 ይሆናሉ። ሁለተኛው መንገድ በዘር ነው። ዘሩ ወደ ውኃው ወለል ሰምጦ በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በዳርቻው ላይ ይበቅላል። በመሆኑም አንድ ጊዜ የጸዳ ኩሬ ለዘለቄታው ጸድቷል ማለት አይደለም።

ከጣና ሐይቅ የተገኘ ትምህርት

እምቦጭ በኢትዮጵያ የታወቀው በ1950ዎቹ መጨረሻ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ አካባቢ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ የተረጋገጠው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቷል። በዚህም የጀልባና የታንኳ መተላለፊያዎች ተዘግተዋል፤ የዓሣ አስጋሪዎች መረብ ተጎድቷል፤ የግጦሽና የውኃ ሸሽ እርሻ መሬት ተሸፍኗል። አርሶ አደሮች የእርሻ ሥራቸውን ትተው ለተከታታይ ዓመታት ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ አረም ሲያወጡ ቆይተዋል። ማሽኖች ቀርበዋል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውን የአንድ ወር ዘመቻ ጨምሮ ሰፋፊ ዘመቻዎችም ተካሂደዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አረሙ በጥቂቱ ሲታይ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን ሊያስወግደው ይችላል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን የሺዎች ጉልበትና ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቃል።

ጉዳዩ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ለምን ይመለከታል?

አንደኛ፦ የጉማራና የርብ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ይገባሉ። የእስቴ ከፊል መሬት የጉማራ ተፋሰስ አካል ነው። ከተዳፋት ማሳ በጎርፍ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ እምቦጭም በእነዚህ ንጥረ ነገሮች ይፋፋል። በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራ እርከን በሐይቁ ዳር ከሚደረግ አረም ለቀማ ያልተናነሰ ፋይዳ አለው።

ሁለተኛ፦ የታች ጋይንትና የስማዳ ውኃ በአብዛኛው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ዝናብ አጠር በሆኑት የእነዚህ ወረዳዎች ቀበሌዎች የከብት መጠጥና አነስተኛ መስኖ በኩሬ ላይ የተመሠረተ ነው። አረሙ አንድን ኩሬ ከሸፈነ በበጋ ወራት ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛ፦ ለሥራና ለንግድ ወደ ፎገራና ወደ ጣና ዳርቻ የሚወርዱ ሰዎች አረሙን ሳያውቁ ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

እምቦጭ ሙቀት ይስማማዋል፤ ውርጭ ይጎዳዋል። ስለዚህ ከከፍተኛው ደጋ ይልቅ በወይና ደጋና በቆላ ቀበሌዎች የሚገኙ ኩሬዎች የበለጠ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

የመከላከያ እርምጃዎች

1. ከጣና ዳርቻ የመጣ መረብ፣ ገመድ፣ ጆንያና የውኃ መሳቢያ ሞተር ወደ ኩሬ ከመግባቱ በፊት ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት።
2. አረሙን ለጌጥ፣ ለጉዝጓዝም ሆነ ለመኖ ብሎ ወደ አካባቢው ማምጣት አይገባም።
3. ኩሬውን ማጠርና ከብቶች ከኩሬው ውጭ በገንዳ እንዲጠጡ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህም እበት ወደ ውኃው እንዳይገባና ዳርቻው እንዳይፈርስ ይረዳል።
4. ጎርፍ ወደ ኩሬው በሚገባበት ቦታ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ መቆፈርና ከደለል ማጽዳት ይገባል።
5. ከኩሬው በላይ ባለው ማሳ እርከን መሥራትና የሣር ድርድር መትከል ያስፈልጋል።

አረሙ ከታየ ምን ይደረግ?

1. በቅድሚያ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳወቅና ተክሉ እምቦጭ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።
2. አረሙን አበባ ከማውጣቱ በፊት ከነሥሩ መንቀል ያስፈልጋል። የተቆረጠ ቁራጭ ውኃ ላይ ከቀረ እንደገና ያድጋል።
3. ጂኦሜምብሬን በተነጠፈበት ኩሬ ውስጥ ማጭድ፣ ዶማና ሌላ ስለታም መሣሪያ መጠቀም ንጣፉን ይበሳል። በእጅ ወይም በእንጨት መንሽ ማውጣት ይመረጣል።
4. ሠራተኞች ቦት ጫማና ጓንት ማድረግ አለባቸው። በአረሙ ሥር አልቅት፣ እባብና የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ሊኖሩ ይችላሉ። ሕፃናት በሥራው መሳተፍ የለባቸውም።
5. የወጣው አረም ጎርፍ ከማይደርስበት ደረቅ ቦታ ተከምሮ ሊደርቅ፣ ከዚያም ሊቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ሊቀበር ይገባል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ በመሆኑ ሲደርቅ እጅግ ይቀንሳል።
6. ኩሬውን ቢያንስ በየሳምንቱ መፈተሽና አዲስ የበቀለውን ወዲያውኑ መንቀል ያስፈልጋል። ክትትሉ ለቀጣዮቹ ዓመታትም መቀጠል አለበት።

ሊደረጉ የማይገባቸው ተግባራት

- ለጤፍና ለስንዴ አረም የሚረጨውን ቱ ፎር ዲም ሆነ ሌላ ፀረ አረም መድኃኒት ኩሬ ላይ መርጨት አይፈቀድም። ውኃውን ለሰውና ለከብት አደገኛ ያደርገዋል፤ በአንድ ጊዜ የሚበሰብሰው አረምም የውኃውን ኦክስጅን አሟጦ ዓሣን ይገድላል።
- ያበበ ወይም ዘር የያዘ እምቦጭ ለኮምፖስት መዋል የለበትም፤ ዘሩ ከማሳ ወደ ውኃ ሊመለስ ይችላል።
- አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎችን በግል አምጥቶ መልቀቅ የተከለከለ ነው። በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ይህ ዘዴ ውጤት ቢያስገኝም፣ ሥራው በምርምር ተቋማት ቁጥጥር ሥር የሚከናወን ነው።
- ደንገልና ቄጠማ ከእምቦጭ ጋር ተደባልቀው መነቀል የለባቸውም። እነዚህ አገር በቀል ዕፅዋት ደለል ያጣራሉ፤ ዳርቻንም ይጠብቃሉ። መተላለፊያ ከዘጉ ብቻ በከፊል ማጨድ በቂ ነው።

ጥቆማና ድጋፍ የሚገኝበት

አረሙን ያየ ማንኛውም ዜጋ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ለቀበሌ አስተዳደር በቃልም ሆነ በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላል። ጥቆማው የኩሬውን ወይም የወንዙን ስም፣ የጎጡን ስም፣ አረሙ የሸፈነውን ስፋት በግምትና የታየበትን ቀን ቢይዝ መልካም ነው። ከተቻለ ተክሉን ሳያንቀሳቅሱ ፎቶግራፍ ማንሳት ይመከራል።

ከቀበሌው አቅም በላይ ሲሆን ጉዳዩ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የጋራ ኩሬ ተጠቃሚዎች የኩሬ ጥገና፣ የአጥርና የእርከን ሥራ በዓመታዊው የተፋሰስ ልማት ዕቅድ እንዲካተትላቸው፣ ልማታዊ ሴፍቲኔት ባለባቸው ቀበሌዎችም በማኅበረሰብ ሥራዎች እንዲያዝላቸው ከዕቅድ ዝግጅት በፊት በቀበሌያቸው በኩል መጠየቅ ይችላሉ።

የኩሬው ተጠቃሚዎች በተራ የሚፈትሹ ሰዎችን ከመካከላቸው መርጠው ቢመድቡ አረሙ ከመስፋፋቱ በፊት ይደረስበታል። በመጀመሪያው ሳምንት የተነቀለ አንድ ተክል የብዙ ሰዎችን የወራት ድካም ያስቀራል።