ለሴቶች የሚመች የብስክሌት ኮርቻ እንዴት ይመረጣል? ከናይሮቢ ጎዳናዎች የሚነሳ ጥያቄ

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በኬንያታ ጎዳና ማለዳ ላይ ማታቱዎችና ቦዳ ቦዳዎች ሲጋፉ መመልከት የተለመደ ነው። በመካከላቸው ብስክሌት የሚጋልቡ ሰዎችም አይጠፉም። ከእነርሱ ውስጥ ሴቶች ግን ጥቂት ናቸው።

የናይሮቢ ካውንቲ እአአ በ2015 ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ፖሊሲ አውጥቶ፣ ከትራንስፖርት በጀቱ 20 በመቶውን ለእግረኞችና ለብስክሌት ተጠቃሚዎች መሠረተ ልማት ለማዋል ቃል ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመሃል ከተማው አንዳንድ ጎዳናዎች ላይ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል።

ሆኖም መንገድ ብቻውን በቂ አይደለም። ብዙ ሴቶች ብስክሌት መጋለብ ጀምረው እንዲያቆሙ ከሚያደርጓቸው ምክንያቶች አንዱ በግልጽ የማይወራ ነው፤ ይኸውም የኮርቻ ሕመም ነው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ክብደት መሸከም ያለበት ከዳሌ ሥር በሚገኙት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ነው። ኮርቻው ከእነዚህ አጥንቶች ከጠበበ ክብደቱ በመካከላቸው ባለው ለስላሳ የሰውነት ክፍል ላይ ያርፋል። በዚያ አካባቢ የሚያልፉ ነርቮችና የደም ሥሮች ሲጨቆኑ መደንዘዝ፣ እብጠትና ቁስለት ይከተላል።

በአማካይ ሲታይ የሴቶች የመቀመጫ አጥንቶች ከወንዶች የበለጠ ተራርቀው ይገኛሉ። በሴቶች መካከል ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። ስለዚህ 'የሴቶች' የሚል ምልክት ያለበት ኮርቻ ለሁሉም ሴት ይስማማል ማለት አይደለም።

የጉዳዩን ክብደት በአደባባይ ካነሱት መካከል በሪዮ ፓራሊምፒክ የተሳተፈችው ብሪታኒያዊት ሐና ዳይንስ ትገኝበታለች። ለዓመታት በኮርቻ ላይ ያሳለፈችው ልምምድ ባስከተለባት እብጠት ምክንያት ብልቷ አካባቢ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላት እአአ በ2019 በጋዜጣ ላይ ጽፋለች።

ልኩን በቤት ውስጥ ማወቅ

የመቀመጫ አጥንቶችን ርቀት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የካርቶን ቁራጭ በጠንካራ ወንበር ላይ አድርጎ፣ ስስ ልብስ ለብሶ መቀመጥና ወደፊት ትንሽ ማዘንበል ይበቃል። እግርን ከፍ ማድረግ ምልክቱ ጎልቶ እንዲታይ ይረዳል። ከተነሱ በኋላ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ያለው ርቀት ይለካል።

በዚህ ልክ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲጨመር ለመነሻ የሚሆን የኮርቻ ስፋት ይገኛል። ለምሳሌ ርቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴት ከ14 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ኮርቻ መሞከር ትችላለች።

አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ወደ ሥራ ወይም ወደ ገበያ ቀጥ ብላ ተቀምጣ የምትጋልብ ሴት ሰፋ ያለ ኮርቻ ያስፈልጋታል። እንደ ተወዳዳሪ ጎንበስ ብላ የምትጋልብ ደግሞ ጠበብ ያለውንና መሃሉ ክፍት የሆነውን ትመርጥ ይሆናል። ክፍተቱ በለስላሳው የሰውነት ክፍል ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል፤ ጠርዙ ግን አንዳንዶችን ሊቆረቁር ስለሚችል ሞክሮ መወሰን ይገባል።

'ለስላሳ ይሻላል' የሚለው የተሳሳተ ግምት

በጣም የሚሰምጥ ኮርቻ ለአጭር መንገድ ምቹ ይመስላል። በረጅም ጉዞ ግን አጥንቶቹ ወደ ውስጥ ሲሰምጡ መካከለኛው ክፍል ወደ ላይ ይገፋና ለስላሳውን የሰውነት ክፍል ይጨቁናል። ጠንከር ያለና ልክ የሆነ ኮርቻ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው።

ከመግዛት በፊት ማስተካከል

አዲስ ኮርቻ ከመግዛት በፊት ያለውን ማስተካከል ወጪ ያድናል። በተለይ ያገለገለ ብስክሌት የገዛች ሴት ኮርቻው ለቀድሞው ባለቤት ቁመት ተስተካክሎ ልታገኘው ትችላለች።

• ቁመት፦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ ቢያርፍበት እግር ቀጥ ማለት አለበት። በእግር ፊተኛ ክፍል ሲረገጥ ጉልበት ጥቂት ይታጠፋል። ኮርቻው በጣም ከፍ ካለ ዳሌ ወዲያና ወዲህ ስለሚወዛወዝ ቆዳ ይላጣል።

• ዝንባሌ፦ በአግድም ልክ ከሆነ ቦታ ይጀመራል። ፊት ለፊት ጫና ከተሰማ አፍንጫው በጥቂቱ ዝቅ ይደረጋል። ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ግን ክብደቱ ወደ እጅና ትከሻ ይሄዳል።

• ርቀት፦ መሪው ከራቀ ጋላቢዋ ወደ ኮርቻው ጠባብ ጫፍ ትንሸራተታለች። ኮርቻውን ትንሽ ወደፊት መግፋት ሊረዳ ይችላል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ለጥቂት ቀናት መሞከር የቱ ማስተካከያ እንደጠቀመ ለመለየት ያስችላል።

ልብስና ጤና

ወፍራም ስፌቱ በመቀመጫ ላይ የሚያርፍ ሱሪ፣ ለምሳሌ ጂንስ፣ ቆዳ ይፍቃል። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ የሚለበሰው ያለ ውስጥ ሱሪ ሲሆን፣ ከላይ ቀሚስ ወይም ሰፊ ሱሪ መደረብ ይቻላል። ከጉዞ በኋላ እርጥብ ልብስን ቶሎ መቀየር ቁስለትን ይከላከላል።

መጋለብ ለጀመረች ሴት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥንቶቹ አካባቢ ቀላል ሕመም መሰማቱ የተለመደ ነው። መደንዘዝ ግን ችላ ሊባል አይገባም። ከእረፍት በኋላ የማይጠፋ እብጠት፣ መግል የያዘ ቁስል ወይም ሽንት ሲሸና የሚሰማ ሕመም ካለ መጋለብ ማቆምና ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ሴቶች ይህን ሕመም የብስክሌት ግዴታ አድርገው ሊቀበሉት አይገባም። ብዙ ጊዜ መፍትሔው አንድ የካርቶን ቁራጭና አንድ የብሎን መፍቻ ነው።