ጥቁር አዝሙድ፦ ከሰባት ፍሬ እስከ ብልቃጥ

ከሚሴ ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው ፋርማሲ ከመሄዱ በፊት ወጥ ቤት መግባቱ የተለመደ ነው። ጥቁር አዝሙድ ቆንጠር አድርጎ በመዳፉ ያሸዋል፤ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮም አፍንጫው ሥር እያስጠጋ ሲስበው ይውላል። ሀበሱዳ የሚባለው ይህ ፍሬ ከቤቱ አይጠፋም። ዳቦው ላይ ይነሰነሳል፣ ከበርበሬው ጋር ይፈጫል። አሁን አሁን ግን ከጅዳና ከሪያድ በሚመለሱ ልጆች ሻንጣ ውስጥ በሌላ መልክ ይመጣል፤ በብልቃጥ የታሸገ ዘይት፣ በካፕሱል የተሞላ ዱቄት። እናት ስኳር አለባቸው፣ አባት ደም ግፊት። «ለሁሉም ነው» ተብሎ ይሰጣቸዋል።

«ለሁሉም» የሚለው ነገር ሥሩ ሩቅ ነው። ቡኻሪ (810–870 እ.ኤ.አ.) ባሰባሰቡት ሐዲስ፣ ጥቁሯ ፍሬ ከሞት በቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳላት ተዘግቧል። ይህን በከሚሴም በባቲም የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እዚያው ዘገባ ላይ ያለው ታሪክ ነው። ጋሊብ ኢብኑ አብጀር የተባለ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር ሲጓዝ መንገድ ላይ ታመመ፤ መዲና ሲገቡም ሊጠይቀው የመጣው ኢብኑ አቢ አቲቅ መድኃኒቱን ነገራቸው። አምስት ወይም ሰባት ፍሬ ወስደው እንዲፈጩ፣ ከዘይት ጋርም በሁለቱም የአፍንጫው ቀዳዳዎች ጠብ እንዲያደርጉለት። ፍሬው ተቆጥሯል፤ የሚገባበትም ቦታ ተነግሯል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት ሊቅ አል-ኸጣቢ ደግሞ «ሁሉ» የተባለው ከቅዝቃዜና ከእርጥበት ለሚመጡ ሕመሞች እንደሆነ፣ የበሽታን ሁሉ መድኃኒት በአንድነት የያዘ አንድም ተክል እንደሌለ ተርጉመዋል። ስለዚህ «ለሁሉም ነው» የሚለውን የብልቃጥ ሻጭ መጠየቅ ሐዲሱን መጠራጠር አይመስለኝም።

ከዚያም በፊት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስ ስለዚሁ ፍሬ ጽፏል። ሽንት ያወርዳል፣ የወር አበባ ያመጣል፣ ወተት ይጨምራል ካለ በኋላ ብዙ ከጠጡት ይገድላል እንደሚባል ያክላል። እርጉዝ ሴት ወጥ ላይ ከሚገባው አልፋ ዘይቱን በማንኪያ እንዳትጠጣ ዛሬ የሚሰጠው ምክር ከዚህ ብዙም አልራቀም።

በአገራችን የመጠንን ነገር አምርሮ ያስተማረው ኮሶ ነው። ከወሎ ደጋ የሚመጣው ይህ አበባ ለዘመናት ስንት የኮሶ ትል አስወጥቷል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዝናው አውሮፓ ደርሶ በሐኪሞቻቸው የመድኃኒት መዝገብ ገብቷል። በ1960ዎቹ ግን ኮሶ አብዝተው በጠጡ ሰዎች ላይ የደረሰ የዓይን ጉዳት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። ኮሶ ቢያንስ ምሬቱ ራሱ ልጓም ነበር፤ ደስ ብሎት ሁለተኛ ዋንጫ የሚደግም የለም። ጥቁር አዝሙድም ሲያኝኩት ያቃጥላል፣ ይመራል። ካፕሱል ያንን ልጓም አወለቀ።

የልጓሙ ነገር የቁጥር ጉዳይ ነው። አንድ ሺህ ፍሬ የሚመዝነው ከ2 እስከ 3 ግራም ቢሆን ነው። በቀን 2 ግራም ዱቄት የሚውጥ ሰው እንግዲህ በአፍንጫ ጠብ ከተደረገችው ሰባት ፍሬ ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ ወስዷል።

በዚህ መጠን ሥራ እንደሚሠራ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የሳዑዲ ጥናት ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ላለባቸው 94 ሰዎች በቀን 1፣ 2 ወይም 3 ግራም ሰጥቶ ነበር፤ 2 ግራም የወሰዱት ስኳራቸው ጥሩ ቀነሰ። ልብ ሊባል የሚገባው ሰዎቹ ክኒናቸውን አለማቆማቸው ነው፤ ፍሬው የተጨመረው በላዩ ነበር። የደም ግፊቱ ነገር ደግሞ ከወሬው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የ11 ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ የላይኛው ግፊት የቀነሰው በ3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነበር። 170 ላይ ያለ ሰው በዚህ ተማምኖ መድኃኒቱን ቢተው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በቃሬዛ ሊሆን ይችላል።

ስኳር የሚቀንስ ነገር ስኳር በሚቀንስ ክኒን ወይም ኢንሱሊን ላይ ሲደረብ ማላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል፤ በረመዳን ደግሞ ጾሙም ይደረብበታል። ዘይቱን ቆዳቸው ላይ ቀብተው የተላጡና የቆሰሉ ሰዎች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከቱርክ የተዘገበች አንዲት የስኳር ታማሚ የጥቁር አዝሙድ ክኒን በቀን ከ2 ግራም በላይ ለጥቂት ቀናት ወስዳ ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል። አንድ ሰው ነው፤ በዚህ ተነሥቶ ቅመሙን ከዳቦ ላይ የሚያራግፍ አይኖርም፣ ሊኖርም አይገባም።

ነጭ አዝሙድ የጥቁሩ ወንድም እንዳይመስላችሁ። እሱ ከእንስላል፣ ከድምብላልና ከሰለሪ ወገን ነው፤ ለአንዱ የተነገረው ምክር ለሌላው አይሠራም።

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ዘይቱን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያቁም። ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲለው ብልቃጡን ከክኒኑ ጋር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ፤ «እሱማ ሀበሱዳ ነው» ብሎ ቤት አይተወው።