ጋፋትና ቤተልሔም፤ የምርምር ቤት በምን ይጸናል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመን ሲደርስ የጣራ ገዳምን ደን ያያል። በአካባቢው ብዙው ተራራ ሲራቆት የዚህ ስፍራ ጽድና ወይራ የቆየው ጠባቂ ገዳም ስላለው ነው፤ ዛሬም የዕፀዋት ተመራማሪዎች ያጠኑታል። ዕውቀትም እንዲሁ ጠባቂ ቤት ይሻል። ለዚህ ነገር የደብረ ታቦር አገር ሁለት ምስክሮች አሉት።

አንደኛው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓመታት ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚህች መንደር የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ድካም ፍሬ ነው። ነገር ግን ወጪውም ዓላማውም በአንድ ንጉሥ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ነበረ፥ በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መድፉን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ የጋፋት ሥራ ተቋረጠ፤ ምድጃውን የሚያቀጣጥል ተተኪም አልተገኘም።

ሁለተኛው ምስክር ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ፥ በጋይንት ያለችው ቤተልሔም ናት። ድጓን በሌላ ደብር የተማረ ሰው ወደዚህች ስፍራ መጥቶ ዜማውን ያሳርማል፤ ተመስክሮለትም መምህር ይሆናል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ ምስክሯ ዙር አምባ ናት። መምህሩ በደብሩ መሬት፥ ተማሪው ከገበሬው ደጃፍ በሚለምነው ቁራሽ ይኖሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የደብሩ መሬት ቀረ፤ ትምህርቱ ግን አልቀረም፤ መምህሩ ተተኪውን አስቀድሞ ያወጣ ነበርና። ሆኖም ይህ ጽናት በተማሪው ረኃብ ጭምር የተገኘ መሆኑን ልንሸሽግ አይገባንም።

በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱና ሙዚየሙ ከምርምሩ ጋራ በአንድነት ተደራጁ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለወጠ፥ የዩኒቨርሲቲውም ስም ተለወጠ፤ ተቋሙ ግን መጽሐፉን እንደ ያዘ ቆየ።

ዛሬ ደብረ ታቦር የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። በዚያም ሆነ በሌላው ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ለማቋቋም የምንመክር ሁሉ፥ ሕንፃውን ከመመረቃችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ በየዓመቱ የማይቋረጥ በጀት ተመድቦለታልን? የተገኘው ዕውቀት የሚጠበቅበት ቤተ መጻሕፍት አለውን? ወጣቱ ተመራማሪ ሳይራብ ከሊቁ እግር ሥር የሚቀመጥበት መተዳደሪያ ተሰጥቶታልን? እነዚህ ከጎደሉ፥ የሠራነው ምንም ቢያምር ሁለተኛ ጋፋት ነው።