ጠያቂና አስታማሚ

በአማርኛ ጠያቂና አስታማሚ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ይልና ይሄዳል። አስታማሚ ያድራል፣ ያገላብጣል፣ ያጥባል፤ አብዛኛውን ጊዜም እናት፣ ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናት። በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ግዛት፣ ጎረቤት ከጠያቂነት ወደ አስታማሚነት የተሻገረበት ታሪክ አለ።

ነገሩ የጀመረው በሐኪሞች ነው። በ1993 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካሊከት በተባለችው የወደብ ከተማ፣ ዶክተር ራጃጎፓልና ዶክተር ሱሬሽ ኩማር ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው የሕመም ማስታገሻ ማኅበር አቋቋሙ። ሕክምና ኮሌጁ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ ከፈቱ። «ከዚህ በላይ የምናደርግልህ የለም» ተብሎ ወደ ቤቱ የተሸኘ የካንሰር ሕመምተኛ እዚያ ሲመጣ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ይሰጠዋል፣ ቁስሉ ይጸዳለታል።

ሞርፊኑን ማግኘት ራሱ ትግል ነበር። ህንድ ለመድኃኒት የሚሆን ኦፒየም ከሚያመርቱ ዋና አገሮች አንዷ ናት፤ የ1985ቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ግን በፈቃድ ላይ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ሆስፒታሎች መድኃኒቱን መያዝ ፈሩ። አምራቹ አገር ውስጥ ሰው በሥቃይ ይሞታል ማለት ነው! ሕጉ በፓርላማ የተሻሻለው በ2014 ነው።

ክሊኒኩ ሲለምድ ሌላ ችግር መጣ። ከአልጋ መነሳት የማይችለው፣ ለአውቶቡስ የሚከፍለው የሌለው ሰው አይመጣም። ስለዚህ በ2000 ገደማ በማላፑራምና በአጎራባች አውራጃዎች የጎረቤቶች መረብ መዘርጋት ተጀመረ። በጎ ፈቃደኞች 16 ሰዓት ትምህርት ይወስዳሉ፣ አራት ቀን ከባለሙያ ጋር ይወጣሉ። ከዚያ በሰፈራቸው የተኛ ሰው ማን እንደሆነ እየፈለጉ፣ ከነርስ ጋር ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከዚያው ሰፈር ነው፤ ሱቆች ውስጥ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ያለ ሣጥን ይቀመጣል።

ጎረቤት ሲገባበት የሕክምናው ትርጉም ራሱ ተለወጠ። ሐኪሞቹ ካንሰር ብለው ነበር የጀመሩት። ሰፈሩ ግን «ይሄ ወገቡ ተመትቶ ዓመታት የተኛውስ? እኚህ የጃጁ አዛውንትስ?» አለ። ቤት የገባ ሰው ማሰሮው ባዶ መሆኑንም ያያል። ስለዚህ ለቤተሰቡ ሩዝ፣ ለልጆቹ የትምህርት ወጪ መሸፈን የሥራው አካል ሆነ። እንደ እኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ሞርፊን የታዘዘለት ሰው «ልጆቼ ምን በልተው አደሩ» እያለ ካደረ ሥቃዩ መች ታገሠ?

በ2010 ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የሞት ጥራትን በ40 አገሮች ሲመዝን ህንድ የመጨረሻዋ ሆነች። ከአገሪቱ ሕዝብ 3 በመቶው ብቻ የሚኖርባት ኬረላ ግን ከመላ ህንድ የማስታገሻ አገልግሎት ሁለት ሦስተኛውን ትሰጥ እንደነበር ያው ሪፖርት ጽፏል።

ይሄን የሰሙ የውጭ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘው የሚሄዱት «በነጻ የሚሠራ ጎረቤት» የሚለውን ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። ኬረላ ከ1996 ጀምሮ የልማት በጀቷን ከሲሶ በላይ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ያወረደች፣ ማንበብና መጻፍ የተስፋፋባት ግዛት ናት። በ2008 መንግሥቷ የማስታገሻ ሕክምና ፖሊሲ አወጣ፤ ምክር ቤቶቹም ደመወዝ የሚከፈላቸው ነርሶች ቀጠሩ። ነርሷንና ሞርፊኑን ካወጣህ የሚቀረው ጎረቤት ተመልሶ ጠያቂ ነው።

ይሄ ጥያቄ እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። ኤድስ በበረታበት ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ድንኳንና ወንበር ከማቅረብ አልፈው ለታመሙ አባላት ቤት ለቤት እንክብካቤ ጀምረው ነበር። አባላቱ፣ ወርኃዊ መዋጮው፣ የሰፈሩ ስም ዝርዝር፣ ኬረላ ከባዶ የገነባችው ሁሉ በእጃቸው ነበር። የብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንብ ግን ዛሬም ገንዘቡን የሚለቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው።