የናብሮ ጢስ የሄደበት መንገድ

ከአሰላ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ዴራ ሲደርስ ደጋውን ትቶ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይቃረባል። ከኋላው የቀረው ጭላሎ ጥንት የከሰመ እሳተ ገሞራ ነው፤ በአቅራቢያው ያለው የሶደሬ ፍል ውሃም የምድር ውስጥ ሙቀት ገና እንዳልበረደ ይመሰክራል። ስለዚህ የአርሲ ሰው እሳተ ገሞራን ከእግሩ በታች ያለ ነገር አድርጎ ቢያስበው አያስደንቅም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከራስ በላይ የሚሄደውን ነው።

ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት በኤርትራ ምድር፥ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ፥ ናብሮ የተባለው ተራራ ፈነዳ። ቀድሞ መፈንዳቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረም። በማግስቱ አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን በዐመዱ ምክንያት ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሄዱ። ጋዜጦች ይበልጥ ያወሩት ይህንኑ ነው። ለታሪክ የሚከብደው ግን አብሮ የወጣው ከአንድ ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ዐመድ ቶሎ ይረግፋል፤ ይህ ጋዝ ግን የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታውም ዝናብ ከማያጥበው ከስትራቶስፌር ከደረሰ ለወራት ይሰነብታል፥ የፀሐይንም ብርሃን ይመልሳል። በ1983 ዓ.ም. የፈነዳው የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ 20 ሚሊዮን ቶን ያህል አውጥቶ የዓለምን ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀንሶት ነበር።

ይህን ጠብታ በሌዘር የመፈለግ ሥራ ብዙ ዕድሜ የለውም። ፊዮኮና ግራምስ የተባሉ ሊቃውንት በ20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለውን ሽፋን በሌዘር ማግኘታቸውን በአሜሪካ ያስታወቁት በ1956 ዓ.ም. ነው። አጭር የብርሃን ምት ይላካል፤ ብናኝ ነክቶ የሚመለሰው ይቈጠራል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፥ ከ15 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚመለሰው በሰከንድ አንድ ዐሥር ሺኛ ውስጥ ይደርሳል፤ ከጊዜው ከፍታው ይታወቃል። ጥርሳሙ ዐመድ የብርሃኑን የንዝረት አቅጣጫ ሲያዛባ፥ ክቡ ጠብታ ግን አያዛባም፤ ሁለቱ የሚለዩትም በዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. የመጠቀችው ካሊፕሶ ይህንኑ መሣሪያ ተሸክማ ከ705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ቍልቍል ትለካ ነበር።

ናብሮ በሊቃውንት መካከል ክርክር አስነሣ። ቡራሳና ባልደረቦቹ በ2004 ዓ.ም. እንደ ጻፉት፥ ጢሱ በራሱ ኀይል ስትራቶስፌር አልደረሰም፤ ወደዚያ ያነሣው የእስያ የክረምት ነፋስ ማለት ሞንሱን ነው። ቬርኒዬና ፍሮም ደግሞ በ2005 ዓ.ም. በየፊናቸው መልስ ሰጡ፤ ፍንዳታው ራሱ በቀጥታ አድርሶታል አሉ። ነገሩ የቃላት ጠብ አይደለም። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ በክረምት የሚፈነዳ መካከለኛ ተራራ ሁሉ የአየር ጠባይን ሊነካ ይችላል ማለት ነው። ለእኛ የሁለተኞቹ ሐሳብ ይበልጥ ያሳምነናል፤ ከፍታን በቀጥታ የሚለካ ሌዘር ምስክራቸው ነውና። ሞንሱኑ ጢሱን በእስያ ላይ አዙሮ በማሠራጨት ድርሻ እንደ ነበረው ግን አንክድም።

ካሊፕሶ በ2015 ዓ.ም. ሥራዋን አቆመች፤ በሚከተለው ዓመት ኧርዝኬር የተባለች ሌዘር ያላት ሳተላይት መጠቀች። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ጢሱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ፤ የመንንና ዑማንን አልፎ ሕንድ ደረሰ፥ በዚያም በረራዎች ተሰረዙ። ለአየር መንገዶች ማስጠንቀቂያ ያወጣው በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ጣቢያ ነው። በአፍዴራ በኩል ግን ዐመዱ ግጦሹን ሸፍኖት አርብቶ አደሩ ለከብቱ መኖ ተቸገረ።