የሐርቤ ልጅና የላሊበላ ልጅ

ከላሊበላ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከገደል ሥር በዋሻ ውስጥ የታነጸ የነአኵቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳ ተጠራቅሞ ለምእመናን ጠበል ይሆናል። ወደዚያ የሚሄድ ተሳላሚ ሁሉ ነአኵቶ ለአብ ጻድቅም ንጉሥም እንደ ነበረ ያውቃል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነና በማን ቤት እንዳደገ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ነገሩን ለሚመረምር ሰው፥ ወላጅ ከልጆቹ አንዱን ሲያስበልጥ በወንድማማች መካከል ምን እንደሚበቅል የዚህ ቤት ታሪክ ያስተምራል።

የታሪኩ መነሻ ሮሐ ነው። ገድለ ላሊበላ ከንጉሡ ዕረፍት ብዙ ዘመን ቆይቶ የተጻፈ ቢሆንም፥ የቤተ ሰቡን ነገር በግልጽ ይተርካል። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንብ ከበበው፤ እናቱም ይህን አይታ ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁ ስትል ላሊበላ ብላ ሰየመችው። ቃሉን የተናገረችው በደስታ ነው፤ ነገር ግን ይህን ቃል የሚሰማ ታላቅ ወንድም ነበረ። እርሱም ሐርቤ ነው። አንዱ ገና በእናቱ ዕቅፍ ሳለ ሌላው ለዙፋኑ መስጋት ጀመረ፤ ጥርጣሬውም ከልጆቹ ጋራ አብሮ አደገ፤ በመጨረሻም እኅቱ ላሊበላን መርዝ እስከ ማጠጣት ደረሰች።

እስቲ እንጠይቅ፤ የላሊበላ በደል ምን ነበር? አስቀድሞ መመረጡ ብቻ ነው። በሠራው በደል የተጠላ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይታረቃል፤ በተወደደበት ፍቅር የተጠላ ግን ምን ብሎ ይታረቅ? የያዕቆብን ቤት እናስታውስ። ልዩውን ቀሚስ ያለበሰው አባት ነው፤ ወደ ጕድጓድ የተጣለው ግን ልጅ ነው።

ይሁን እንጂ ሐርቤ እስከ መጨረሻው አልጨከነም። ገድሉ እንደሚለው ከእግዚአብሔር ታዝዞ ዙፋኑን ለታናሹ ለቀቀለት። ላሊበላም በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነገሠ። ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሐርቤን ልጅ ነአኵቶ ለአብን በቤቱ አሳደገው፤ የራሱም ልጅ ይትባረክ ነበረው። በትውፊት እንደሚነገረው በንግሥቲቱ በመስቀል ክብራ ምክር መንግሥቱን ለወንድሙ ልጅ አስረከበ። ከ18 ወር በኋላ ግን የአዲሱ ንጉሥ ጭፍሮች ያንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላሙን ለንጉሥ ማዕድ ነድተው ስለ ወሰዱ፥ ያችው መስቀል ክብራ ባሏ ዙፋኑን መልሶ እንዲይዝ መከረችው።

ላሊበላ የወንድሙን ውለታ ሊመልስ የፈለገ ይመስለናል። አሳቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን የወንድም ዕዳ በልጅ ድርሻ አይከፈልም። ባንድ ቤት ያደጉት ሁለቱ ልጆች እያንዳንዳቸው ቀርተው ዐወቁት፤ አንዱ ሳይሰጠው፥ ሌላው ተሰጥቶት ሲነጠቅ። በአንዳንድ የነገሥታት ዝርዝር ይትባረክ ከነአኵቶ ለአብ ቀጥሎ ይገኛል፤ በሌላው ስሙም የለም። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ሲነሣ በጋይንት በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተገደለ የሚባለው ንጉሥ ዘኢልማክኑን ተብሎ ተጽፏል፤ ትርጓሜውም የማይታወቅ፥ የተሰወረ ማለት ነው። የታሪክ ሊቅ ታደሰ ታምራት ይህ ንጉሥ ይትባረክ ራሱ እንደ ሆነ ያስረዳል። የዛጔ መንግሥት የወደቀበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ቢሆንም በመጨረሻው ሰዓት የላሊበላ ልጅ ስም እንኳ የሚጠራለት አላገኘም።

ከዚያ በኋላ የነገሡትም ከዚህ መከራ አላመለጡም። ከ1286 እስከ 1291 ዓ.ም. የይግባ ጽዮን አምስት ልጆች በየዓመቱ እየተፈራረቁ ነገሡ። ነገሥታቱም የወንድምን ነገር በአምባ ፈቱት፤ የንጉሥ ዘር የሆኑትን በወሎ በአምባ ግሸን አስጠበቁ። አምባ ግን ወንድምን ያርቃል እንጂ አያስታርቅም።

እኛ ዙፋን የለንም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አንዱን ልጅ ለትምህርት ወደ ከተማ ልኮ ሌላውን ከበሬ ኋላ የሚያስቀር አባት በየአገሩ አለ። አባት በሞተ ጊዜ ሁለቱ በአንዲት ቁራሽ መሬት ይካሰሳሉ፤ ዳኛው የመሬት ክርክር ይመስለዋል፤ ክርክሩ ግን አባታችን ማንን ወደደ የሚል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ሁሉ በእኩል እንዲወርሱ ያዝዛል፤ ነገር ግን ሕግ ቤትና ንብረት ያካፍላል እንጂ የአባትን ምርቃት አያካፍልም።

ስለዚህ ለኑዛዜ የሚጠራ የነፍስ አባት የገንዘቡን ነገር ሰምቶ ብቻ አይነሣ። ታማሚው ገና አንደበቱ ሳይታሰር የልጆቹን ስም አንድ በአንድ እንዲጠራና እያንዳንዳቸውን እንዲመርቅ ይጠይቀው፤ ሳይጠራ የቀረ ስም ካለም ያስታውሰው። የይትባረክን ታሪክ የሚያውቅ ይህን ጥያቄ ትንሽ አይለውም።