የወንጂ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ እጇን አወጣች። ስለ አድዋ ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር። «ቲቸር፣ ጥርስዎ ለምን ቡናማ ሆነ?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ድሮ ቢሆን አፌን በእጄ ሸፍኜ ወሬ እቀይር ነበር። አሁን ግን ሳቄ መጣና «የወንጂ ልጅ ነኛ!» አልኳት። አልገባቸውም። የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜ በወንጂ አለቀ፤ ደወሉ ሲደወል የቀረችዋን እዚህ ልጨርሳት።

ወንጂ ከአዳማ በስተደቡብ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር ያለች የስኳር ከተማ ናት። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ፣ ኢንዶኔዥያ ነጻ ከወጣች በኋላ ሌላ አገር ሲፈልግ፣ በ1943 ዓ.ም. ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ፤ ሁለተኛው፣ ወንጂ ሸዋ፣ በ1955 ዓ.ም. ተከተለ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሳቸው። ይሄ እንግዲህ ፈተና ላይ ቢመጣ የሚመጣው ክፍል ነው።

ፈተና ላይ የማይመጣው ሰዉ ነው። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ሸንኮራ ቆራጭ መጣ። ከሌላውም አገር መካኒኩ፣ ሹፌሩ፣ ጸሐፊው፣ ነጋዴው መጣ። ሁሉም ዘመዱን ትቶ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ጎረቤቱን ዘመድ ማድረግ ነበረበት። እኛ «የወንጂ ፍቅር» እያልን የምንናፍቀው ነገር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በእኛ ሰፈር ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ፤ አንዱ ቤት ቡና ሲቆላ ሌላው ቤት ሲኒ ይታጠባል። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ የሁሉም አባት አንድ ላይ ይወጣል፣ የሁሉም እናት ምሳ አንድ ላይ ትጥዳለች።

አንዴ ሸንኮራ ሰርቄ ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ (ስማቸው ይቆየኝ) ያዙኝ። በያዝኩት ሸንኮራ እዚያው ገረፉኝ። ከዚያ እጄን አስታጥበው ምሳ አበሉኝ። ማታ እናቴ ስትሰማ ሄዳ አመሰገነቻቸው፤ መጥታ ደግሞ እኔን ደገመችኝ! ዛሬ የሰው ልጅ ብትቆጣ ምን እንደሚገጥምህ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ወደ ጥርሱ ልመለስ። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ ከድንጋዩ ፍሎራይድ እየሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በወንጂ ጉድጓዶች የተለካው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ጥርስ በሚሠራበት ዕድሜ ያንን የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። ማጣሪያ ቢተከልም ለሁሉ አልደረሰም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሲስቅ አይቼ «ወንጂ ነህ አይደል?» ብዬ አውቃለሁ፤ ነበር።

ተማሪዎቹ ወደዱት። እኔ ግን ከክፍል ስወጣ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ቀረ፤ ያልነገርኳቸው አለ።

የቆራጮቹ ካምፕ ከእኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም ነበር። የወቅት ሠራተኞች ስለሆኑ እንደ ሰፈር ሰው አንቆጥራቸውም። እኛ ልጆቹ የምንጠራቸውን ስም ዛሬ አልጽፈውም፤ እኔም ጠርቻቸዋለሁ። የእኛ እድር የወቅት ሠራተኛ አይመዘግብም ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ቆራጭ ሞተ። ጓደኞቹ ወደ አገሩ ለመጫን ብር ሲያዋጡ ቆሜ አይቻለሁ። ያ ለሰው ለቅሶ የሚሞት ሰፈራችን ድንኳን አላወጣም። እኔንም ምንም አልመሰለኝም፤ ጨዋታዬን ቀጠልኩ።

የሚገርመው በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ የወንጂ ሠራተኞች ማኅበር ነው። አባቶቻችን ለመብታቸው መሰባሰብን ለአገር ካሳዩት ውስጥ ናቸው። እድሩ ውስጥ ያሉትም እነሱው ናቸው።

አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ተዘግተው ሥራው ወደ አዲሱ ዞረ፤ አብሮ አደጎቼም ተበታተኑ። ትናንት ማታ ከመካከላቸው ለአንዱ ደወልኩ። ትምህርት ቤት አብረን አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን የቆራጭ ልጅ ነው፤ አሁን ሆሳዕና ነው የሚኖረው። ስለ ሟቹ ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅኩት። «አባቴ ካዋጡት አንዱ ነበር» አለኝ። «ብሩ ስላልሞላ እስከ ማታ አልተጫነም።»

ምን እንደምለው ጠፋኝ። እሱ ራሱ ወሬውን ቀየረልኝና ስለ ልጆቹ ያወራ ጀመር። እዚያው ተወልደው ነው ያደጉት፣ ጥርሳቸው ነጭ ነው አለኝ። ትልቁ «አባዬ ያንተ ለምን እንዲህ ሆነ?» ይለዋል አሉ።